ጣና የሚጀምረው ጉና ላይ ነው

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ተራራ ብዙ አያወራም። ወሬያችን ሁሉ ውሃ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሐይቅ ዳር እናስቀምጠዋለን። ዓሳ እናበላዋለን። በጀልባ ዘጌ እንወስደዋለን፤ ጊዜ ከተረፈም ጢስ ዓባይን እናሳየዋለን። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ጉና ያለው ከጀርባችን ነው። በምሥራቅ በኩል።

ሥራዬ በደብረ ታቦር መስመር ደጋግሞ ስለሚያመላልሰኝ ከተራራው ጋር ተላምደናል። አንዳንዴ ከመኪና እወርድና ወደ ላይ እወጣለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ምሁር አይደለሁም። ግን ማንበብ እወዳለሁ፤ ሽማግሌ ማነጋገርም እወዳለሁ። በዚህ ሁሉ መመላለስ አንድ ነገር እያደር ግልጽ እየሆነልኝ መጥቷል። ሐይቁን ማወቅ የፈለገ ሰው ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ዳገት መውጣት አለበት። ባሕር ዳር ላይ የምናየው ውሃ፣ የሚያጠግበን ዓሳ፣ ሌሊት ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ፣ አረሙም ጭምር፣ እዚያ ላይ ካለው ብርድና ሣር ጋር የተያያዘ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን ታልፋላችሁ፣ የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ ወረታ ትገባላችሁ። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ዓለም በር፣ ደብረ ታቦር፣ ጋሳይ፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ እያለ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። መገንጠያው አካባቢ ያለው ሰፊ ሜዳ ፎገራ ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ፣ ደመና ካልከለለው በቀር፣ ከአድማሱ ላይ የተዘረጋው ሰማያዊ ጀርባ ጉና ነው።

ሰው ተራራ ሲባል ሾጣጣ ነገር ይጠብቃል። የሰሜን ተራሮችን ገደል በፎቶ ያየ ሰውማ ጉናን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። ጉና ሰፊ ነው፣ ጎኑ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ አክንባሎ ደፍተው ያስቀመጡት ነው የሚመስለው። ይህን ቅርጽ የሰጠው እሳት ነው። ጉና የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ቀጠን ያለ ላቫ ደጋግሞ እየፈሰሰ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ስለሠራው፣ ወደ ላይ ከመሾል ይልቅ ወደ ጎን ተንሰራፍቶ አደገ።

ዕድሜው በተራራ ቤት ሲታይ ብዙ አይደለም። የሰሜኑ ደጋችን መሠረት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ አገሩን ያለበሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ትልልቆቹ ተራሮች በእሱ ላይ የተሠሩ ናቸው። የሰሜን ተራሮች ቀደም ብለው መጡ። በጎጃም በኩል ያለው ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተከተለ። ጉና ከ10 እስከ 11 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው። ታናሽ ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የሚስተካከለው የለም።

ጣናም ከዚሁ የእሳት ቤተሰብ ነው። ሐይቁ የተኛው መሬቱ ረግቦ በተፈጠረ ጎድጓዳ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ በደቡብ በኩል የፈሰሰ ላቫ መውጫውን ዘጋውና ውሃው ተጠራቀመ። ባሕር ዳር ላይ ለግንብና ለአጥር የምንጠቀምበት ያ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ የዚያ ላቫ ዘመድ ነው። ከተማ የሠራነው ግድቡ ላይ ነው ማለት ነው። ሐይቁ በስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን የጠለቀው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ ጭቃ ሳወራ ያስፈልገኛል።

ከወረታ ስትነሱ ወይና ደጋ ላይ ናችሁ። ግራ ቀኙ ሩዝ ነው። ፎገራ ሩዝ የለመደው በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች ነው። ዛሬ እንጀራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ዓለም በርን አልፎ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ጤፍ ይመጣል። ደብረ ታቦር ስትደርሱ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ፤ ሰው ጋቢውን አጥብቆ ለብሷል፣ የእኛ ቲሸርት እዚያ ያስቃል። ከዚያ በላይ ድንችና ገብስ ነው። ከ3,200 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ውርጭ የሚባለው አገር ይጀምራል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን ትምህርት ቤት የሸመደድነው ነገር፣ ከቆላው በቀር፣ በግማሽ ቀን በመስኮት ያልፋል።

በነገራችን ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነስተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ወደዚሁ ወደ ምሥራቅ ነው። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። የአባዱላው ሞተር አቀበቱ ላይ ሲያቃስት በሰማሁ ቁጥር፣ ያ ሁሉ ሰው በጠፍርና በትከሻ ያንን ብረት ሲስብ ይታየኛል። ይህን ትቼ ወደ አየሩ ልመለስ።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጣና 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ጉና አናት 2,300 ሜትር ልዩነት አለ። ስለዚህ ባሕር ዳር በሸሚዝ የተነሳ ሰው አናቱ ላይ ሲደርስ 14 ዲግሪ ያህል ከታች ጥሎ ነው። የባሕር ዳር የዓመት አማካይ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቀረውን ራሳችሁ ቀንሱት።

አማካይ ግን ስለ ጉና ብዙ አይናገርም። ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን ወራቱ በሙቀት ያን ያህል አይለያዩም። የሚለያየው ቀንና ሌሊቱ ነው። ጥር ላይ የጉና ፀሐይ ታቃጥላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩን የሚመክት ነገር አነስተኛ ነው፤ አፍንጫ ይላጣል። ፀሐይዋ ስትገባ ደግሞ ያው ስስ አየር ሙቀት አይዝም። ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ፣ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ሲለቅ ያድርና ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። አመዳይ ይሉታል። ስትረግጡት ይሰበራል። ሦስት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል። ሌላ አገር ብርዱና ሙቀቱ በስድስት ወር ይቀያየራሉ፤ እዚህ በአሥራ ሁለት ሰዓት።

ክረምት ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ሌሊቱን ይሸፍነዋልና አመዳይ አይኖርም። ቀኑም ግን አይሞቅም። ጉም፣ ካፊያ፣ ወጨፎ፣ ዶፍ፣ አንዳንዴ መሬቱን የሚያለብስ በረዶ። የአካባቢው ሰዎች ከጥር ወር ውርጭ ይልቅ የሐምሌውን ብርድ ነው የሚያማርሩት። እርጥብ ብርድ አጥንት ይገባል ይላሉ። ሁለቱንም ቀምሻለሁ፤ ፍርዱን ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ከፍታው ድስት ውስጥም ይገባል። አናቱ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ 86 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ባሕር ዳር ላይ 94 አካባቢ ነው። ይንተከተካል እንጂ እንደ ቆላ ውሃ አያበስልም። ከአናቱ ዝቅ ብሎ ካለ መንደር አንዲት እናት ቤት ገብተን የባቄላ ንፍሮ ተጣደልን። ጠበቅን። አሁንም ጠበቅን።

«እማማ፣ አልደረሰም እንዴ?» አልኳቸው።

«እናንተ የቆላ ሰዎች መቼ ትታገሣላችሁ!» አሉኝ፣ ጭሱን በእጃቸው ገፋ እያደረጉ።

ባሕር ዳር ቆላ አይደለችም። ከእሳቸው ጓዳ ሲታይ ግን ሁሉም ቆላ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የዝናቡ ሰዓት ነው። ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሐምሌ ዝናብ ሌሊት ይወዳል። ቀን ፀሐይ ትወጣለች፣ ልብስ ይደርቃል፣ ሰው ሐይቅ ዳር ወክ አድርጎ ይገባል። ከተኛን በኋላ ነው ሰማዩ የሚዘረገፈው። ጉና ላይ ዝናቡ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። በጣና ተፋሰስ ላይ የዝናብ መለኪያ ተክለው ያጠኑ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አግኝተዋል፤ ተራራው ላይ ከሰዓት፣ ሐይቁና ዳርቻው ላይ ሌሊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ፀሐይዋ የተራራውን ጎን ታሞቃለች። የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ከሜዳውና ከሐይቁ በኩል ሌላ እርጥብ አየር ይስባል። ወደ ላይ የወጣ አየር ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ደመና ይሆናል። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወርዳል። ሌሊት ተራራው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ይከብድና በየሸለቆው ቁልቁል ይንሸራተታል። ሐይቁ ግን የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነው። ከየአቅጣጫው የወረደው ቀዝቃዛ አየር ለብ ካለው ውሃ ላይ ሲገናኝ እዚያ ያለውን እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ተራው የእኛ ይሆናል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ እኩለ ሌሊት የሚቀሰቅሰን ነጎድጓድ ውስጥ የተራሮቹ እጅ አለበት።

ጥሬ ዕቃው በእርግጥ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ክረምት ላይ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ደኖችና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥብ አየር ይነፍስብናል። ተራራ ከሌለ ግን ብዙው ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛው በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ ነው።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በዓሉን ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ያከበረ ሰው ግን ይህን ተረት በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። ጅራፉ ከታች ሲጮህ ከላይ ነጎድጓዱ ይመልስለታል። ጉና የተረት ነገር አይገባውም፤ ከቡሄም በኋላ ያወርደዋል።

ከመጨረሻው የገብስ ማሳ በላይ ዛፍ እየመነመነ ይሄዳል። እዚህም እዚያም አስታ የሚባለው ዛፍ አለ፤ ብዙው ተቆርጦ አልቋል። ከዚያ ሜዳው ለጓሳና ለጅብራ ይለቀቃል።

ጅብራን ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ወፍራም ግንድ አለው። አናቱ ላይ ረጃጅም ቅጠሎች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆያል። አንድ ቀን መሃሉ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ዘሩን ይበትናል፤ ይሞታል። ሁለተኛ አያብብም። ግንዱ ውስጡ ባዶ ሆኖ ደርቆ ይቆማል። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮው የማይገኝ ተክል ነው። ያንን ውርጭ የሚችልበት መንገድ ደስ ይላል። ሌሊት ቅጠሎቹ ወደ መሃል ይሰበሰቡና እምቡጡን ይሸፍኑታል። ቁመቱም ያግዘዋል። በጠራ ሌሊት ከባዱ ብርድ የሚተኛው መሬት ላይ ነው፤ ጅብራ አንገቱን ከዚያ በላይ አውጥቶ ያድራል። እኛ መሬት ላይ ስንተኛ የገባን ይህ ነው፤ ጅብራ ከእኛ በፊት አውቆታል።

ፎቶ የሚነሳው ጅብራ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ጓሳ ነው።

ጓሳ የታወቀ ሣር ነው። ጣሪያ ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ፍራሽ ውስጥ ይገባል። ከሩቅ ሲያዩት ቢጫ፣ የደረቀ፣ የማያምር ነገር ነው። ጥር ላይ፣ ለወራት ጠብ ሳይል፣ ተንበርክኬ አንዱን በሁለት እጄ ፈለቀቅሁት። ላዩ ይንኮሻኮሻል። ትንሽ ዝቅ ሲል ያለፉት ዓመታት ቅጠል አለ፤ ቡናማ፣ ልስልስ ያለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ። አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ ተበሳጭታ ወጣች። ከዚያ ሥሩ ጋ ጣቴ ቀዘቀዘ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው። ጨበጥ ሳደርገው በጣቶቼ መሃል ውሃ ወጣ። ጥር ላይ! ታች ፎገራ ዋልካው ተሰነጣጥቆ እግር በሚውጥበት ወር።

ይህ ውሃ ነሐሴ ላይ የዘነበ ነው። ጓሳው ጠብታውን ያበርደዋል፤ መሬት ላይ ወርዶ አፈር ከመጥረግ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ጉሙም ሳይዘንብ ቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ ይገባል። ብርዱ ደግሞ በራሱ ያግዛል፤ በቀዝቃዛ ቦታ የበሰበሰ ቅጠል ቶሎ አያልቅም፣ ስለዚህ አፈሩ ውሃ በሚይዝ ነገር የተሞላ ነው። ከዚያ ቁልቁል በየስንጥቁ እየሄደ ታኅሣሥና ጥር ላይ ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ዝናብ በሌለበት ወር ወንዝ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ርብና ጉማራ ከጉና ይነሳሉ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ወርደው፣ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነው የሐይቁን አብዛኛውን የወንዝ ውሃ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። በተራራው ሌላኛው ጎን የወረደው ውሃ ግን ጣናን ሳያይ ይሄዳል፤ ከፊሉ ወደ ተከዜ ነው። እንግዲህ አናቱ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በባሕር ዳር፣ አንዱ በተከዜ በረሃ ዞረው፣ ሱዳን ውስጥ አትባራ ከተማ አጠገብ ናይል ላይ እንደገና ሊገናኙ ይችላሉ። ይህን ለአንድ ሾፌር ብነግረው «እንግዲያው ለምን ተለያዩ?» አለኝ። መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ጭቃው። ነሐሴ ላይ የጉማራ ድልድይ ላይ ቁሙና ውሃውን እዩት። ቀይ ቡናማ ነው፤ ወፍራም ነው። በሃይላንድ ቀድቼ ቤት መስኮት ላይ አቆምኩት። በማግሥቱ ላዩ ጠራ፣ ታቹ ደለል ሆነ። ያ ደለል የሰው ማሳ ነው። ጉና ላይ፣ ፋርጣ ላይ፣ እስቴ ላይ ገብስና ድንች ያበቅል የነበረ አፈር ነው። በየክረምቱ የሚጠራቀምበት ደግሞ ያ በጣም ከጠለቀ 14 ሜትር የሆነው ሐይቅ ነው። ለጥልቅ ሐይቅ ምንም ያልሆነ ጭቃ ለጣና ብዙ ነው።

ጭቃው ወንዙንም ይሞላዋል። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። ወንዝ አልጋው በደለል ሲሞላ የት ይሂድ?

ዓሳውንም ይነካዋል። ይህን ባሕር ዳር ዓሳ ቤት ቁጭ ብሎ ማንም አያስበውም። ነጭ ዓሳ ከምንለው ወገን ጣና ውስጥ 15 ገደማ ዝርያዎች አሉ፤ አንድ ላይ እንዲህ ተሰባስበው በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። የተወሰኑት ክረምት ላይ ሐይቁን ትተው ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራና ርብ ገባሮች። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ላይ፣ ንጹሕና አየር ያለው ውሃ ውስጥ ነው። ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ቀረሶ በዚህ አይቸገርም፤ እሱ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው። ሳህናችን ላይ ያለው ነጭ ዓሳ ግን ወደ ጉና ሄዶ የተመለሰ ወላጅ ሊኖረው ይችላል።

እምቦጭን ሳልጠቅስ ባልፍ የባሕር ዳር ሰው አይደለሁም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ወንዞቹ በሚገቡበት አካባቢ፣ ጎልቶ የታየው ዝም ብሎ አይደለም። አረሙ ጥልቀት የሌለውና ምግብ የበዛበት ውሃ ይወዳል፤ ምግቡን የሚያመጣለት ከላይ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ነው። በዘመቻ መንቀሉ ጥሩ ነው፤ እኔም ወጥቼ ነቅያለሁ፣ ወገቤም ያስታውሰዋል። ግን ጠረጴዛው ላይ ምግብ እያቀረቡ እንግዳውን ብቻ ማባረር ይመስለኛል። ካሜራው ሁልጊዜ ሐይቁ ዳር ነው የሚቆመው። ዳገቱ ላይ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ሐይቁ የነበረና የሚኖር ይመስለናል። የሐይቁን ደለል ቆፍረው ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ያ ዘመን ዓለም የቀዘቀዘበት፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የበረዶ ግግር የነበረበት ዘመን አካባቢ ነው። ተራሮቹ ላይ ከዛሬው የበለጠ በረዶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ራቀ፣ ሐይቁም ሄደ። ዓባይ ከጣና አይወጣም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ብርድ ብቻውን ሐይቅ አይሠራም፤ ዝናቡም፣ ዝናቡን የሚያቆየው መሬትም ያስፈልጋል። ዝናቡ በእጃችን አይደለም። መሬቱ ግን ነው።

ታዲያ ተጠያቂው ገበሬው ነው? ይህን ከተማ ቁጭ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ከፍ ብሎ ካለው የገብስ ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ደርበው ከብት ይጠብቃሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ቆሎ ዘገኑልኝ።

«አባባ፣ እርሻው ድሮም እስከዚህ ይደርስ ነበር?» አልኳቸው።

«የት ተደርሶ! እዚያ ታች ያቺ ዋርካ የምታህል ድንጋይ ትታይሃለች? ከሷ በላይ የኔ አባት በሬ አልጠመደም። ከሷ በላይ የጓሳና የቀይ ቀበሮ ነበር።»

«ታዲያ ምን ተገኘና ወጣችሁ?»

«ልጆች ተወለዱ፣ የኔ ልጅ። መሬት አልተወለደም።»

ማሳውን አየሁት። ዛላው ነጥቷል፣ ቆሟል፤ ስጨብጠው ግን ባዶ ገለባ ነው። ጥቅምት ላይ ሊያፈራ ሲል ውርጭ መትቶታል። ሰው እዚያ ከፍታ ላይ የሚያርሰው አማራጭ ሲያጣ ነው። እዚያ የሚዘራ ሰው በየዓመቱ ከሰማይ ጋር ቁማር ይጫወታል።

አናቱ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታነት ተከልሏል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሒሳብ አለ። ከጉና የወረደው ውሃ ፎገራ ላይ ሩዝ ያበቅላል፣ ጣና ላይ ዓሳ ያረባል፣ በጣና በለስ በኩል መብራት ያመነጫል፣ ባሕር ዳር ላይ ሆቴል ያስከፍታል። ሁሉም በነጻ የወረደ ነው። ከእኛ ወደ ላይ የሚወጣው ጨው፣ ስኳርና ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ከነትራንስፖርቱ ተሰልቶ። ሐይቁ ዳር በሚሸጠው ነገር ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢጨመርና ጓሳውን ለሚጠብቀው ሰው ቢሄድለት የሚከስር ሰው አይታየኝም። የሽማግሌው የልጅ ልጆች ከገብስ ሌላ የሚበሉበት መንገድ እስካልተገኘ ድረስ ማሳው ቁልቁል አይመለስም። ክልከላ ብቻ ሰው ከሌሊት ተነስቶ እንዲያርስ ያስተምራል እንጂ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ጥሩ ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ አፍንጫችሁን አያሳያችሁም። ከባሕር ዳር በጠዋት ተነሱና ደብረ ታቦር አንድ ሌሊት እደሩ፤ ከፍታውን ትንሽ ስትላመዱ ራስ ምታቱ ይቀላል። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ ለፀሐይዋ ኮፍያ። በአካባቢው ሰው ተመሩ፤ ከፈል አድርጉለት። ጓሳውን አትንቀሉ፣ ጅብራውን በቢላ ስም አትጻፉበት፤ የተጻፈበት አይቼ ደሜ ፈልቷል። አናቱ ላይ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ከሰዓት ደመናው ይሰበሰባል፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚመለሰው መኪናም በዚያው ሰዓት ይሳሳል።